አየሩ የት ነው የሚሄደው?



የመታጠቢያ ቤታችሁ አምፖል ቢቃጠል ማንን እንደምትጠሩ ታውቃላችሁ። ቧንቧው ቢያፈስም ታውቃላችሁ። በሩ አልዘጋ ቢል አናጢ አለ፤ ሴራሚኩ ቢነቀል የሴራሚክ ሠራተኛ አለ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኮርኒሱ ላይ ያለው አየር ማስወጫ ቬንትሌተር እየዞረ፣ እየጮኸ፣ እንፋሎቱን ግን አላወጣ ቢል ማንን ትጠራላችሁ?

ይህን ጥያቄ ለጎረቤቶቼም ለሥራ ባልደረቦቼም አቅርቤ ነበር። "አላውቅም" ያለኝ ሰው የለም። አንዱ ኤሌክትሪሻን አለ፤ አንዷ ቧንቧ ሠራተኛ አለች፤ ሌላዋ "ጂፕሰሙን የሠራው ልጅ ይመጣልሻል" አለችኝ፤ አንዱ ደግሞ "ምን አስጨነቀሽ? በሩን ከፍተሽ መታጠብ ነው" ብሎ ሊገላግለኝ ሞከረ። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። የሁሉም መልስ ግን ለየቅል ነበር።

ርዕሱ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአንድ ቬንትሌተር ጀርባ ያለ ጥቂት ሜትር ቱቦ የአገር ጉዳይ አይደለም። ግን ታገሡኝ። ያንን ቱቦ የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ ስድስት ሳምንት ፈጅቷል። በእነዚያ ሳምንታት ስለ ሙያና ስለ ባለሙያ ያየሁት ነገር ቤት ለሚያድስ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

* * *

መጀመሪያ፣ ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

በአዲስ አበባ የሚሠሩ ብዙ አፓርታማዎች መታጠቢያ ቤታቸው የሚገኘው መሀል ላይ ነው። ብርሃን የሚያገኘው የውጭ ግድግዳ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ይሰጣል፤ መታጠቢያ ቤቱ ወይ መስኮት የለውም፣ ወይ ደግሞ ትንሿ መስኮቱ የምትከፈተው ወደ ሻፍቱ ነው። ሻፍት ማለት ቧንቧዎች የሚያልፉበት፣ ከምድር እስከ ጣሪያ የተዘረጋ ባዶ ጉድጓድ ነው። መስኮት በሌለበት የመስኮቱን ሥራ እንዲሠራ የሚገጠመው ኤግዞስት ፋን የምንለው ቬንትሌተር ነው።

ሰው ሙቅ ውኃ ሲታጠብ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል። ሞቃት አየር ብዙ ውኃ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ግን የተሸከመውን ያራግፋል። ግድግዳው "አላበው" የምንለው ያኔ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። የሐምሌ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። በየቀኑ የሚያልበው ግድግዳ ሳይደርቅ ሲነጋ፣ ሳይደርቅ ሲመሽ፣ ጥግ ጥጉ ይጠቁራል። ሻጋታ ነው።

ቬንትሌተሩ ይህን የሚከላከለው አራት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ አዲስ አየር የሚገባበት ክፍተት መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ከበሩ ሥር ያለው ነው። ሁለተኛ፣ የሚስበው ሞተር አለ። ሦስተኛ፣ የተሳበውን አየር የሚያደርስ ቱቦ አለ። አራተኛ፣ ቱቦው የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ እሱም ውጭ መሆን አለበት፣ ሜዳ ላይ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ብቻቸውን ምንም አያደርጉም።

በወረቀት ስሌቱ ደስ ይላል። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት የሚይዘው 7.2 ሜትር ኩብ አየር ነው። ካርቶኑ ላይ "በሰዓት 90 ሜትር ኩብ" የሚል ቬንትሌተር በ20 ደቂቃ ውስጥ የክፍሉን አየር አራት ጊዜ ይለውጠዋል። ነገር ግን ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ምንም ቱቦ ሳይቀጠልለት፣ ነፃ አየር ላይ ነው። ቱቦው ሲረዝም፣ ሲጠብ፣ ሲጣጠፍ ቁጥሩ ይወርዳል። በተለይ ቅጠሉ እንደ ተራ ቬንትሌተር የሆነው ዓይነት ረጅም ቱቦ ውስጥ የመግፋት አቅም የለውም። ቱቦው ተነቅሎ ኮርኒስ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ ዋጋ የለውም።

* * *

ለምን አስጨነቀኝ?

እናቴ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። አስም አለባት። መኝታ ቤቷና መታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ያለፈው ክረምት ከወትሮው ከብዷት ስለነበር ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ሌላ አንድ ነገር አዘዘ፤ እርጥበትና ሻጋታ ካለበት ክፍል እንድትርቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ላይ ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ችግርና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል።

መድኃኒት ቤት ሄጄ ኢንሄለር መግዛት እችላለሁ። ከክፍሏ ርቃ የት ትሂድ? ያለን ቤት ይኸው ነው። ስለዚህ ግድግዳው መድረቅ ነበረበት።

* * *

ሦስት ጥሩ ባለሙያዎች

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሻን ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ልጅ። ቆጣሪው ጋ ሄዶ መስመሩን አጠፋ፣ ፈታ፣ በቴስተር ለካ፣ መልሶ ገጠመ። "ኃይል በደንብ ይደርሰዋል፤ ሞተሩም ደህና ነው። አቅሙ ስላነሰ ነው፤ ትልቅ እንቀይርልዎት" አለኝ።

"አየሩ የት ነው የሚሄደው?" አልኩት።

በጣቱ ወደ ኮርኒሱ አመለከተኝ። "ወደ ላይ።"

"ላይ ምን አለ?"

ትከሻውን ሰበቀ። አልዋሸኝም። የሱ ሙያ ሽቦው ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ሽቦውን በተመለከተ ደግሞ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ትልቁን ቬንትሌተር ለጊዜው ተወው አልኩትና ሸኘሁት።

ሁለተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ገና በር ላይ ሆኖ "ባለቤትሽ የለም?" አለኝ። "የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ" አልኩት። ቀልዱ አልገባውም ወይ እንዲገባው አልፈለገም፤ ብቻ ገባ። የሚያፈስ ቧንቧ ፈለገ፣ የለም። ከዚያ መፍትሔ አመጣ፦ "የፍሳሹ መተንፈሻ ቱቦ ሻፍቱ ውስጥ እዚሁ ጎንሽ ነው ያለው። እሱን ቀድጄ የቬንትሌተሩን እሱ ላይ ላስገባው። በግማሽ ቀን ያልቃል።"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህን ሐሳብ ለብዙዎቻችሁም ያቀርቡላችኋል፣ ርካሽም ስለሆነ ያጓጓል። አትቀበሉ። የፍሳሽ መተንፈሻ ቱቦ ከመጸዳጃ መስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዙ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው በየመጸዳጃውና በየወለል ማስወረጃው መታጠፊያ ውስጥ የተኛው ውኃ ብቻ ነው። ቬንትሌተር እዚያ መስመር ላይ ከገጠማችሁ፣ ሲሠራ አየር እየገፋ የናንተንም የጎረቤቶቻችሁንም ውኃ ሊያናውጠው ይችላል፤ ሲጠፋ ደግሞ የፍሳሹ ጋዝ በሠራችሁለት አዲስ መንገድ ቀጥታ ራሳችሁ ላይ ይመጣል። አስም ላለባት ሴት ብላችሁ ሻጋታ ልታወጡ ነበር፤ በምትኩ የሽንት ቤት አየር ታስገቡባታላችሁ።

ሦስተኛው ጂፕሰም ሠራተኛ ነው። ከሁሉም ደስ የሚል ሰው እሱ ነበር። "ይሄማ ቀላል ነው፤ ቢጫ የሆነውን ቆርጬ አዲስ እገጥማለሁ፣ ውኃ የማይገባው ቀለም እቀባለሁ፣ ለመስቀል ይደርሳል" አለኝ። ከመሥራቱ በፊት የበሰበሰችውን አንድ ቁራጭ እንዲያነሳልኝ ለመንኩት። አነሳ። በስልኬ መብራት አየን።

እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ የፎይል ቱቦ አለ አይደል? ያ ከቬንትሌተሩ አንገት ተነቅሎ፣ ሦስት ቦታ ተጣጥፎ፣ ጫፉ እዚያው በኮንክሪቱና በጂፕሰሙ መካከል ተኝቷል። ግድግዳ ላይም የተከፈተለት ቀዳዳ የለም። ሕንፃውን የጨረሱት ሰዎች ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ ጥለው ዘግተውታል። ያ ባዶ ቦታ ደግሞ እስከ እናቴ መኝታ ቤት ኮርኒስ ድረስ ክፍት ነው። ቬንትሌተሩ ሥራውን በትጋት ሲሠራ ኖሯል፤ የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት እየሳበ ወደ እናቴ ጣሪያ ይልከዋል። ትልቅ ቬንትሌተር ቢገጠም ኖሮ የበለጠ ይልክላት ነበር።

ችግሩ ታወቀ። ታዲያ የማን ሥራ ነው? ጂፕሰም ሠራተኛው "ይሄ የኔ አይደለም፤ የኤሌክትሪሻን ነው" አለ። ለኤሌክትሪሻኑ ደወልኩ። "ቱቦ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኛ ነው" አለኝ። ለቧንቧ ሠራተኛው ደወልኩ። "እኔ ውኃ ነው የምሠራ፤ አየር የኔ አይደለም" አለኝ። ሕንፃ ላይ አየር ማመላለሻ የሚዘረጉ የኤሌክትሮ መካኒካል ድርጅቶች አሉ ተባልኩና ለሁለቱ ደወልኩ። ሁለቱም የጠየቁኝ መጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ፎቅ ነው?" የሚል ነበር። "አንድ መታጠቢያ ቤት" ስላቸው በጨዋ ደንብ ተሰናበቱኝ። የሚሠሩት ሆቴልና ሆስፒታል ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ልብ በሉ፤ ከነዚህ ሰዎች መካከል ሌባ የለም። ሰነፍም የለም። ሁሉም የየራሱን ድንበር አክብሮ ቆሟል። ቱቦው የወደቀው ድንበሮቹ የማይገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

* * *

ስም የሌለው ሙያ

ቴክኒክና ሙያ ተቋማቶቻችን ኤሌክትሪክ ያስተምራሉ፣ ቧንቧ ያስተምራሉ፣ ግንበኝነት ያስተምራሉ፤ ተማሪውም የሲኦሲ ምዘና የሚፈተነው በየሙያው ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመኖሪያ ቤት አየር የሚያስወጣ ሰው በሰፈር አማርኛ መጠሪያ የለውም። መጠሪያ ለሌለው ሥራ ደላላም አታገኙም፤ ደላላ የሚፈልገው በስም ነውና።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩት። "የዚህ ሥራ ባለሙያ ማን ይባላል?" ማለቱን ትቼ "በዚህ ከተማ ውስጥ አየር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እየወሰደ እንጀራውን የሚበላ ማን ነው?" አልኩ። መልሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ጥብስ የሚሸጥ ምግብ ቤት አለ፤ ከማድ ቤቱ ተነስቶ በሕንፃው ጀርባ እስከ ጣሪያ የሚወጣ የላሜራ ጭስ ማውጫ አለው። ጭሱ ካልወጣ ምግብ ቤቱ በዚያው ቀን ይዘጋል። ያንን የሠራ ሰው አየሩ የት እንደሚሄድ ሳያስብ መኖር አይችልም።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ማን እንደሠራላት ጠየቅኳት። ስልኩን ሰጠችኝ፤ አክላም "ዋጋው አይቀንስም፣ ግን ተመልሶ ይመጣል" አለችኝ። ተመልሶ መምጣት ማለት ችግር ሲኖር ስልክ ማንሳት ማለት ነው። በዚህ ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ወረቀት አላየሁም።

* * *

የላሜራው ሰው

ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ላሜራ መቁረጥና ማጠፍ የለመዱት በልጅነታቸው መርካቶ ነው፤ አሁን ከልጃቸው ጋር ትንሽ ወርክሾፕ አላቸው። በስልክ "መጥቼ ለማየት 500 ብር ነው፤ ሥራው ከተስማማን ከሒሳቡ ይቀነሳል" አሉኝ። ሌሎቹ ሦስቱ በነፃ ነበር ያዩልኝ። እሺ አልኳቸው።

ሲመጡ የያዙት ሜትርና ፋኖስ ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ይግቡ" አልኳቸው። ቬንትሌተሩን አላዩትም። መጀመሪያ በሩን ዘጉት፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ተመለከቱ። ከኛ በፊት የነበረው ሰው ሽታ እንዳይወጣ ብሎ ያስገጠመው የጎማ ክዳን ነበረው። "ልጄ፣ ይሄ ቤት አፉ ተዘግቷል። ካልገባ ምን ይወጣል?" አሉ።

ቀጥለው ሶፍት ጠየቁኝ። አንድ ንጣፍ ቀደው ቬንትሌተሩ ላይ አስጠጉት። ተንጠልጥሎ ወደቀ። በሩን ገርበብ አድርገው ደገሙት። ትንሽ ያዝ አደረገና ወደቀ። እናቴ በዚህ መሀል ምን እየተደረገ እንደሆነ ገባት፤ ማጨሻዋ ላይ እጣን ጨምራ መጣች። የእጣኑ ጭስ ወደ ቬንትሌተሩ ወጣ፣ ገባ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመብራቱ ቀዳዳ ዳር ተመልሶ መጣ። ጋሼ ሳቁ። "እማማ፣ እርስዎ ነዎት ኢንጂነሯ" አሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ፣ ንፋሱ ጭሱን ወደማይመልስበት ወገን በሚሠራበት ዘመን ነው ያደገችው። አየር የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ለአያቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው በተከፈተው ኮርኒስ አዩ፣ ለኩ፣ ወረዱ። ቀጥለው የተናገሩት ነው ትክክለኛውን ሰው እንዳገኘሁ ያሳወቀኝ፦

"ቱቦውን እኔ እዘረጋለሁ። ሽቦውን ግን አልነካም፤ ኤሌክትሪሻን ይምጣ። ግድግዳውን ግንበኛ ይቅደድ፤ እኔ የምቀደድበትን አሳየዋለሁ። ኮርኒሱን ማንም ቢሆን እኔ ሳልል እንዳይዘጋው።"

የሚያውቀውን የተናገረ ብዙ ሰው ሰምቼ ነበር። የማያውቀውን ለይቶ፣ የማን እንደሆነ ተናግሮ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

* * *

ሥራው

አማራጩ ሁለት ነበር። አንዱ ወደ ሻፍቱ መልቀቅ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን የኛ ሻፍት ላይ የጎረቤቶች ትንንሽ መስኮቶች ይከፈታሉ። የታችኛው ቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ እኛ ቤት እንደምናውቀው ሁሉ፣ የኛን እንፋሎት ደግሞ የላይኛው ቤት ይወርሰዋል። ጋሼ "ከራስ አንስቶ ሰው ላይ መጣል ነው" ብለው ተዉት። ሁለተኛው በኮሪደሩ ኮርኒስ ውስጥ 3 ሜትር ያህል ሄዶ በልብስ ማጠቢያው በረንዳ በኩል ወደ ውጭ መውጣት ነው። እሱ ተመረጠ።

የውጭ ግድግዳ የግል አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለን የጋራ ሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 370/1995፣ የግሉንና የጋራውን ክፍል ይለያል፤ የጋራው የሁሉም ባለቤቶች ነው። ስለዚህ ለነዋሪዎች ማኅበራችን የምንከፍተውን ቀዳዳ ስፋትና ቦታ ጽፈን አስገባን። ኮለንም ቢምም እንደማይነካ፣ የሚቀደደው ብሎኬት ብቻ እንደሆነ ገልጸን ሁለት ሳምንት ጠበቅን፤ ተፈቀደ። ይህን ደረጃ የሚዘልላችሁን ሠራተኛ ፍሩ። ዛሬ ሳይጠይቅ ግድግዳ የሚቀድ ሰው ነገ ቢም መቁረጡን አይፈራም።

የተሠራው እንዲህ ነው። የሚተጣጠፈው ፎይል ወጥቶ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ የፒቪሲ ቱቦ ገባ፤ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ አየሩን አያደናቅፍም። የቬንትሌተሩ አንገት 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኝ አንገትጌ ጋሼ ከጋልቫናይዝድ ላሜራ ራሳቸው ሠሩ፤ ገበያ ላይ አይገኝም ነበር። መታጠፊያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰፋ ያለ። ቱቦው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ውስጡ ላብ ቢጠራቀም ወደ ሜዳ እንዲወርድ እንጂ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ። ቱቦው እንዳይንጠለጠል በማሰሪያ ኮንክሪቱ ላይ ተያዘ። ጫፉ ላይ ዝናብ የሚከላከል ቆብና ንፋስ ወደ ውስጥ ሲመጣ የሚዘጋ ክዳን ተገጠመ። የበሩን የጎማ ክዳን አናጢ አነሳው፤ ከሥሩም አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ላጠለት።

ወጣቱ ኤሌክትሪሻን ተመልሶ መጣ። ጋሼ ሲያስረዱት አጠገባቸው ቆሞ በትጋት ሰማ። ያንኑ የድሮውን ቬንትሌተር መልሶ ገጠመው፤ ሞተሩ ደህና ነው ያለው እውነቱን ነበር። አሁን ሶፍቱን ሲያስጠጉት ጥብቅ ብሎ ቀረ። ጂፕሰም ሠራተኛው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሲዘጋ በሚከፈት ትንሽ በር ነው የዘጋው፤ የሚመጣው ሰው ጂፕሰም ሳይሰብር ማየት እንዲችል።

ለመስቀል አልደረሰም። የእናቴ አስምም አልጠፋም፤ አስም በቱቦ አይድንም። ግድግዳዋ ግን ደርቋል፤ ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ካጠብነው በኋላ አልተመለሰም። ከታጠብን በኋላ ቬንትሌተሩን 20 ደቂቃ እንተወዋለን፤ መስታወቱ ራሱ ይጠራል።

* * *

ለማየት የሚከፈል ገንዘብ

አሁን ወደ አመለካከቴ ልምጣ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በሙያው ስም ይሰደብ ነበርና። ዛሬ ባለሙያን እንዲያ ብሎ የሚሰድብ ሰው ቢያንስ በከተማ ብዙ አይሰማም። ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። እጁ ሲንቀሳቀስ እንከፍላለን፤ ጭንቅላቱ ሲሠራ አንከፍልም። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት አይቶ፣ ለክቶ፣ ጠይቆ ችግሩን ቢያገኝ "ምን ሠራህና?" እንለዋለን። መሮና መዶሻ ይዞ ግማሽ ቀን ቢያፈርስ ግን ላቡን አይተን ሻይ እናፈላለታለን።

ባለሙያው ይህን ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ለማየት ካልተከፈለው የሚበላው ከመቀየር ነው። ስለዚህ ይቀይራል። ቬንትሌተር ይቀይራል፣ ጂፕሰም ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል። "ትልቅ እንግጠም" የሚለው መልስ የሚመጣው ከክፋት ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን የዘረጋነው የዋጋ ሥርዓት ነው የሚያመጣው። የላሜራው ሰው የጠየቁኝ 500 ብር ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነበር፤ ቤቱን ያዳነው ግን እሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ከፍለንም የሚያጭበረብሩ አሉ" ትላላችሁ። አሉ። ለዚህ ነው ክፍያው ብቻውን የማይበቃው፤ ጥያቄም መያዝ አለባችሁ። ሥራው ቱቦም ሆነ የጣሪያ ፍሳሽ፣ ሦስቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው፦ "ይሄ ነገር ከየት ተነስቶ የት ነው የሚያልቀው?" ውኃም ይሁን አየር፣ ኃይልም ይሁን ፍሳሽ፣ መነሻና መድረሻ አለው። ሁለቱንም ሳያይ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው አመስግናችሁ ሸኙ።

ሁለተኛው፦ "ከዚህ ውስጥ አንተ የማትሠራው የቱን ነው?" "ሁሉንም እኔ እችላለሁ" የሚል መልስ ሲመጣ ተጠንቀቁ። "ይህን እኔ አልነካም" የሚል ሰው የሚነካውን ያውቃል።

ሦስተኛው፦ "ማለቁን በምን እናውቃለን?" ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መፈተኛው ይታወቅ። የኛ አንድ ንጣፍ ሶፍት ነበር። የመጨረሻው ክፍያ ሶፍቱ ሲጣበቅ ነው ተባብለን ተስማማን፤ ጋሼም ቅር አላላቸውም። መፈተኛ የሚፈራ ባለሙያ የሚፈራው ምክንያት አለው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላሉ አበው። እውነት ነው። ሠሪውን ለማግኘት ግን የሙያውን ስም ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ አይቻለሁ። ኤሌክትሪሻኑ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጂፕሰም ሠራተኛው ሁሉም የየስማቸው ባለቤት ናቸው፤ ቱቦው ግን የወደቀው በስማቸው መካከል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥማችሁ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ያቆመ ሰው ፈልጉ፣ የሠራው እየሠራ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ ለማየት የሚጠይቀውን ክፈሉት።

እናንተስ? "የኔ አይደለም" እየተባባሉ ያንከራተቷችሁ ሥራ የትኛው ነው? በመጨረሻ የጨረሰላችሁስ ምን ዓይነት ባለሙያ ሆኖ ተገኘ? ስልክ ቁጥር ሳትለጥፉ፣ የሙያውን ዓይነትና ያገኛችሁበትን መንገድ ብቻ ከታች ጻፉልን። አንዱ የደረሰበት ለሌላው ስድስት ሳምንት ያተርፍለታል።

ቸር ሰንብቱ።